ለበዓል ከክፍል መቅረት፦ ፕሮፌሰራችሁን መቼና እንዴት ትጠይቃላችሁ?

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ለበዓል ፈቃድ መጠየቅ አልለመደም። ገና ሲሆን ትምህርት የለም። ኢድ ሲሆን የለም። መስቀል፣ ጥምቀት፣ ስቅለት፣ አረፋ፣ መውሊድ፣ ሁሉም የመንግሥት በዓል ነው። በጾም ወቅት የተማሪዎች ካፌ እንኳ የጾም ወጥ ይሠራል። እዚህ አሜሪካ ግን ጃንዋሪ 7 እንደማንኛውም ቀን ነው። ጠዋት ላብ (የላቦራቶሪ ክፍል)፣ ከሰዓት ኩዊዝ ሊኖር ይችላል። በዓላችሁ መሆኑን አስቀድሞ የሚያስብላችሁ ሰው የለም። መናገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

እኔ ከሲያትል በስተደቡብ ባለ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ያደግኩት ደሴ ነው። እዚያ የኢድ ቀን የክርስቲያኑ ልጅ፣ የፋሲካ ቀን የሙስሊሙ ልጅ ከጎረቤት ቤት አይጠፋም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለኦርቶዶክሱም፣ ለሙስሊሙም፣ ለጴንጤውም፣ ለአድቬንቲስቱም ነው። በየኳርተሩ፣ ማለትም በየሦስት ወር ገደማው የትምህርት ወቅት፣ ማለት ይቻላል ክፍሌ ውስጥ የሐበሻ ልጆች አሉ። የሚያሳዝነኝ ጎበዝ ሆነው ሳለ መብታቸውን ባለመጠየቃቸው ነጥብ የሚያጡት ናቸው። አንዱ ስቅለት ዕለት ፈተና ላይ ተቀምጦ ልቡ ቤተ ክርስቲያን ይውላል። ሌላዋ ለኢድ ዝም ብላ ትቀርና ዜሮ ይሰጣታል። ሁለቱም መሆን አልነበረበትም።

መጀመሪያ መብታችሁን እወቁ

ዋሽንግተን ስቴት በ2019 ያወጣው ሕግ አለ። ያኔ ገዥ የነበሩት ጄይ ኢንስሊ ፈርመውበት በዚያው ዓመት ጁላይ መጨረሻ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በሃይማኖት በዓል ምክንያት የሚቀሩ ተማሪዎችን ማስተናገድ አለባቸው። በመቅረታቸው ውጤታቸው መጎዳት የለበትም። ለዚህም ክፍያ ሊጠየቁ አይችሉም። ኮሌጁ ፖሊሲውን ድረ ገጹ ላይ ማውጣት አለበት፤ ሲላበሱ (የኮርሱ ደንብና መርሐ ግብር የተጻፈበት ወረቀት) ውስጥም መግባት አለበት።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሕጉ የሚያወራው ስለሚቀር ተማሪ ብቻ አይደለም። በበዓሉ ምክንያት በአንዳንድ ቀናት ከባድ ችግር ስለሚገጥመው ተማሪም ይናገራል። ክፍል ተገኝቶ ግን ሲጾም የዋለ ልጅ ማለት ነው። ሕጉ በሃይማኖት ድርጅት ስር የሚዘጋጁ መርሐ ግብሮችንም ይጠቅሳል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ያለበት የጴንጤ ልጅም «የኔ በዓል ስላልሆነ አይመለከተኝም» ብሎ መተው የለበትም።

ከእናንተ የሚጠበቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ኮርሱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ በጽሑፍ፣ ትክክለኛውን ቀን ጠቅሳችሁ ማሳወቅ። በቃል አይደለም። በበዓሉ ዋዜማም አይደለም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ራሱን የቻለ ፎርም አለው። እንደ እኔ ባሉ ትናንሽ ኮሌጆች ብዙ ጊዜ ለአስተማሪው ኢሜይል መላክ ይበቃል፤ ቢሆንም ሲላበሱን አንብቡ።

ሌላ ስቴት ያላችሁም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ለምሳሌ የኒውዮርክ የትምህርት ሕግ በሃይማኖት ምክንያት የቀረ ተማሪ ያለፈውን ፈተና ያለ ክፍያ እንዲያካክስ ዕድል እንዲሰጠው ያዛል። የጊዜ ገደቡና አሠራሩ ከስቴት ስቴት፣ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። የኮሌጃችሁ ድረ ገጽ ላይ ስለ ሃይማኖት በዓላትና ስለ መቅረት የሚለውን ገጽ ፈልጉ፤ ካጣችሁት አድቫይዘራችሁን ጠይቁ።

ካላንደሩን ከሲላበሱ ጋር አስተያዩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ቀሪው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይቀላል።

ሲላበስ የተሰጣችሁ ዕለት ማታ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ዘርጉ። አንደኛው የፈተናና የላብ ቀኖች ዝርዝር ነው። ሌላው የበዓላት ቀን ነው። ኳርተሩን ሙሉ እዩት፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ብቻ አይደለም። ለምን ብትሉ፣ በማርች የሚውል ኢድ በጃንዋሪ መነገር አለበት። የሁለት ሳምንቱ ገደብ የሚቆጠረው ኮርሱ ከጀመረበት ቀን ነው። ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ በዓሉ ሲቃረብ እናገራለሁ ይሉና ጊዜው ያልፋል።

የ2027ን ዓመት ልውሰድ። ገና ሐሙስ ጃንዋሪ 7 ይውላል። የክረምት ኳርተር የሚጀምረው በጃንዋሪ የመጀመሪያ ቀናት ነው። ስለዚህ ገና የሚመጣው አስተማሪው ስማችሁን እንኳ ሳይለይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያለማስታወቂያ የቀረን ተማሪ ከክፍሉ አስወጥቶ ቦታውን ለተጠባባቂ የሚሰጥ አስተማሪ ደግሞ አለ። ስለዚህ ለገና ሁለቱን ሳምንት አትጠብቁ። ክፍሉ ከመጀመሩ በፊት፣ በዲሴምበር እረፍት ላይ ኢሜይሉን ላኩ።

ከተራ በዚያ ዓመት ሰኞ ጃንዋሪ 18 ነው። የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ስለሆነ ኮሌጅ ዝግ ነው። ጥምቀት ግን ማክሰኞ 19 ነው። እዚህ አገር ብዙ አጥቢያዎች ጥምቀትን በአቅራቢያው ባለው ቅዳሜና እሑድ ያከብራሉ። ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት የእናንተ ቤተ ክርስቲያን መቼ እንደሚያከብር አረጋግጡ። በ2028 ደግሞ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ቀኑ በአንድ ይገፋል። መስቀልም በ2027 ሴፕቴምበር 28 ነው እንጂ 27 አይደለም። ገና ግን በ2028ም ጃንዋሪ 7 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ይሆናል ማለት ነው።

ረመዳን በ2027 ፌብሩዋሪ 8 አካባቢ ይገባል። ኢድ አልፈጥር ማርች 9 ወይም 10 አካባቢ ይሆናል። ይህ የክረምት ኳርተር ማብቂያ ነው፤ ፕሮጀክትና ፋይናል የሚደራረብበት ወቅት። አረፋ ሜይ 16 አካባቢ ነው።

ዓቢይ ጾም ማርች 8 ይገባል። ስቅለት አርብ ኤፕሪል 30፣ ፋሲካ እሑድ ሜይ 2 ነው። በኳርተር ለሚማር ይህ የሚድተርም ወቅት ነው። በሴሚስተር የምትማሩ፣ በተለይ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያላችሁ፣ ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ባለ ሴሚስተር ዩኒቨርሲቲዎች በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ ፋይናል ይፈትናሉ። የፈረንጆቹ ፋሲካ በዚያ ዓመት ማርች 28 ስለሆነ አስተማሪያችሁ «ፋሲካ ካለፈ ወር አልሞላም እንዴ?» ሊላችሁ ይችላል። አትናደዱ፤ አስረዱ።

ምዝገባም ላይ አስቡበት። ጁምዓ የማይቀርባችሁ ከሆነ አርብ እኩለ ቀን ላይ የሚውለውን ክፍል ትታችሁ ሌላ ሰዓት ምረጡ። ለአንድ ቀን ፈቃድ መጠየቅ ቀላል ነው። በየሳምንቱ መጠየቅ ግን እናንተንም አስተማሪውንም ያደክማል። አድቬንቲስቶችም እንዲሁ። ሲያትል ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 4፡30 በአሜሪካ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሰንበታቸው የሚገባው አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ አርብ ማታ የተመደበ ፋይናል ሰንበትን ይነካል። የፋይናል መርሐ ግብር ከምዝገባ በፊት የሚወጣ ከሆነ አይታችሁ ተመዝገቡ።

ኢሜይሉን መጻፍ

ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። የሃይማኖት ትምህርት መስጠትም አይጠበቅባችሁም። እኔ በየኳርተሩ ብዙ ኢሜይል ይደርሰኛል። ወዲያው «እሺ» ብዬ የምመልሰው ሦስት ነገር ያለበትን ነው፦ ቀን፣ የሚያልፈው ሥራ፣ አማራጭ። ይህን የመሰለውን በእንግሊዝኛ ጻፉት፦

«ውድ ፕሮፌሰር፣

የሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ጠዋት የኬሚስትሪ ተማሪዎ ነኝ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። አርብ ኤፕሪል 30 የስቅለት በዓል ስለሆነ ከጠዋት እስከ ምሽት ቤተ ክርስቲያን እሆናለሁ፤ ክፍልም አልገኝም። በሲላበሱ መሠረት ሁለተኛው ሚድተርም የሚሰጠው በዚሁ ቀን ነው። ረቡዕ ኤፕሪል 28 ወይም ሐሙስ ኤፕሪል 29 በቴስቲንግ ሴንተር ብፈተን ደስ ይለኛል። ለእርስዎ የሚመች ሌላ ቀን ካለም እስማማለሁ። ይህን የምጽፈው በኮሌጁ የሃይማኖት በዓላት ፖሊሲ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ስለ ትብብርዎ አመሰግናለሁ።»

በቃ። የአስተማሪውን ስም፣ የራሳችሁን ሙሉ ስምና የተማሪ ቁጥር ጨምሩ። ከኮሌጅ ኢሜይላችሁ ላኩት፤ ከግል ጂሜይል የመጣ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

አንዳንድ ነገሮች ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጥር 11 ወይም ሚያዝያ 22 ብላችሁ አትጻፉ፤ የፈረንጁን ቀን ከነዕለቱ ጻፉ። ሰዓትም እንዲሁ። ገና የመጣ ልጅ በእኛ ሰዓት «ከቀኑ 8 ሰዓት» ማለቱን ቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞረው ጠዋት ስምንት ሰዓት ይሆንበታል። የበዓሉን ስም ስትጽፉ «ኢትዮጵያን ኦርቶዶክስ» የሚለውን ከፊቱ አድርጉ። አለበለዚያ አስተማሪው ጎግል ሲያደርግ ገና ዲሴምበር 25፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 6 ሆኖ ያገኘዋል፤ ያታለላችሁት ይመስለዋል።

ለኢድ ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰን ሁለቱንም ቀን ጻፉ። «ማርች 9 ወይም 10፤ በዋዜማው ምሽት እንደታወቀ ወዲያው አረጋግጥልዎታለሁ» በሉ። ይህን ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ሌሊት ላይ የምትልኩት አጭር መልእክት ማንንም አያስደነግጥም። ሳትናገሩ ቆይታችሁ ሌሊት «ነገ ኢድ ነው» ብትሉ ግን ሌላ ነገር ነው።

መልስ በአንድ ሳምንት ካልመጣ ደግማችሁ ላኩ። አሁንም ካልመጣ ኦፊስ አወር ላይ፣ አስተማሪው ቢሮው ተማሪ በሚቀበልበት ሰዓት፣ ሂዱ። በቃል «ምንም ችግር የለም» ከተባላችሁም ያን ዕለት ማታ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ «ዛሬ እንደተነጋገርነው ሚድተርሙን ሐሙስ እወስዳለሁ፤ አመሰግናለሁ።» ይህ አስተማሪውን አለማመን አይደለም። ብዙ ተማሪ ያለበት ሰው ይረሳል። እኔም የማስታውሰው የተጻፈውን ነው።

ምን ትጠይቁ?

ከተቻለ ፈተናውን ከበዓሉ በፊት ውሰዱ። ሁለት ጥቅም አለው። አስተማሪው «ፈተናውን ከጓደኞቹ ሰምቶ ይሆን?» ብሎ አይጠራጠርም። እናንተም በዓሉን በሰላም ታከብራላችሁ። ፈተና እየጠበቃችሁ ቤተ ክርስቲያን መቆም ከባድ ነው። ሆኖም የምትስማሙበት ቀን የሌላ ትምህርት ፈተና ላይ እንዳይወድቅ አጣሩ።

ፋሲካን ስታስቡ ሰኞንም አስቡ። አርብ ሙሉ ቀን ስግደት ነው። ቅዳሜ ማታ የገባ ሰው ቅዳሴ ጨርሶ የሚወጣው ሌሊት ነው። እሑድ ቤተ ዘመድ ነው። ሰኞ ጠዋት 8 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር ፈተና ካለ ያንንም በኢሜይሉ ጥቀሱት። ብዙ ልጆች አርብን ብቻ ይጠይቁና ሰኞ ዓይናቸው ደም መስሎ ይመጣሉ። እንደዚያ ሆኖ የተሠራ ፈተና የልጁን ችሎታ አያሳይም።

ላብ ከባዱ ነው። ፈተና ወደ ሌላ ቀን ይዞራል፤ የተዘጋጀ ኬሚካልና መሣሪያ ግን አይጠብቅም። ጥሩው መፍትሔ በዚያው ሳምንት ሌላ ሴክሽን ውስጥ ገብቶ መሥራት ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ የሌሎቹን ሴክሽኖች ሰዓት አይታችሁ «የማክሰኞው ከሰዓት ላብ ውስጥ ልግባ?» በሉ። አስተማሪው የሚያስብላችሁን ሥራ ስለቀነሳችሁለት እሺ ለማለት ይቀለዋል። ነርሲንግና መሰል ሙያ የምትማሩ ደግሞ የሆስፒታል ልምምድ ሰዓት ተቆጥሮ መሟላት አለበት። እዚያ «ልቅር» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይሠራም። ከጓደኛ ጋር ቀን መቀያየር ወይም ሰዓቱን በሌላ ቀን ማሟላት ጠይቁ፤ ከሁሉም ቀድማችሁ ጠይቁ።

የቡድን ሥራ ካለ ለአስተማሪው ብቻ አትንገሩ። የቡድን ጓደኞቻችሁ ፕሬዘንቴሽን ቀን እንደማትገኙ ከእናንተ ይስሙ። የእናንተን ክፍል ቀድማችሁ ሥሩ፤ ወይም በቪዲዮ ቅረጹት። መብት በአስተማሪው ላይ ነው እንጂ በጓደኞቻችሁ ትከሻ ላይ ሸክም ለመጫን አይደለም።

ስለ ጾም ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ይህ ያሳስበኛል። ዓቢይ ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር እስከ ሦስት ሰዓት፣ ምንም ሳይቀምስ የሚውል ልጅ አለ። ያ ልጅ ፈተናውን በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሳይሆን ጠዋት መውሰድ ቢችል ልዩነቱ ትልቅ ነው። ረመዳን ላይ ደግሞ የማታ ክፍል አለ። ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ሲያትል ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 5፡20 አካባቢ ነው። ማርች 9 ላይ ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። ክፍሉ 5፡30 ከጀመረ በመጀመሪያው ሰሞን ከመግባታችሁ በፊት ታፈጥራላችሁ፤ በኋላ ግን ማፍጠሪያው መሀል ላይ ይወድቃል። «የዕረፍቱን ሰዓት ወደ ማፍጠሪያው ማስጠጋት ይቻላል?» ወይም «ለአሥር ደቂቃ ወጥቼ ብመለስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ረመዳን ሲገባ የማታ ክፍሌን ዕረፍት ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት አዞራለሁ። ማንም ተማሪ ቅር ብሎት አያውቅም። ላብ ውስጥ ግን መብላት ክልክል ስለሆነ ተምሩም ውሃውም ኮሪደር ላይ ነው።

የማይጠየቅም አለ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ የቤት ሥራ ይቆይልኝ አይባልም። ሕጉ አግባብ ያለው መስተንግዶ ነው የሚለው። የምትጠይቁት ነገር ቁርጥ ያለ ቀንና ቁርጥ ያለ ሥራ ይኑረው።

«አሞኝ ነበር» አትበሉ

ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን ማስረዳት ሲከብዳቸው ታመምኩ ይላሉ። መኪናዬ ተበላሸ ይላሉ። ይሉኝታ ነው፤ ገባኝ። ግን ለስቅለት ለመስገድ ብሎ የሚዋሽ ልጅ ሳይ ልቤ ይደማል። ነገሩ ከእምነቱ ጋር እንደሚጋጭ እሱም ያውቀዋል። በዚያ ላይ ብዙ አስተማሪ ለሕመም የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀቱ ከሌለ መቅረቱ ይቆጠርባችኋል። እውነቱን ብትናገሩ ግን ሕግ ከጎናችሁ ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ በስቅለት ዋዜማ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ «ቲቸር፣ ላስቸግርዎ አልፈለግኩም ነበር» አለኝ። ሳምንታት አስቦ አስቦ ነው የመጣው። የእኔን ፈተና አዛወርንለት። በዚያው ቀን የነበረውን ሌላ ትምህርት ግን አስተማሪው ጊዜው አልፏል አለው፤ እሱም ያለው ስህተት አልነበረም። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት አራት መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ያልቁለት ነበር። ማስቸገር ማለት ዋዜማ ላይ መምጣት ነው እንጂ ቀድሞ መናገር አይደለም።

እምቢ ከተባላችሁ

መጀመሪያ ምክንያቱን ለዩ። ብዙ ጊዜ እምቢታው ከክፋት አይመጣም። አስተማሪው አዲስ ይሆናል፤ ፖሊሲውን አያውቀውም። ወይም «አንድ ዝቅተኛ ውጤት እሰርዛለሁ፤ ይህን ኩዊዝ በእሱ ቁጠረው» ይላችኋል። ይህኛው ደግ ይመስላል፤ ግን አስቡበት። የምትሰረዝላችሁ ኩዊዝ ለሁሉም ተማሪ የተሰጠች ናት። እናንተ ለበዓል ከተጠቀማችሁባት በሌላ ቀን ስትሳሳቱ መጠባበቂያ የላችሁም። በትሕትና «ማካካሻ ብወስድ እመርጣለሁ» በሉ።

አሁንም እምቢ ከተባለ የፖሊሲውን ገጽ ሊንክ አያይዛችሁ በኢሜይል አንድ ጊዜ ጠይቁ። ቀጥሎ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ወይም ዲኑ ነው። ቀጥሎ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ። ኮሌጁ የቅሬታ ሥርዓት አለው፤ እንዴት እንደሚቀርብም ድረ ገጹ ላይ ይገኛል። ደረጃውን አትዝለሉ፤ ፕሬዝዳንቱ ጋ የተላከ ደብዳቤ ተመልሶ ዲኑ ጋ ነው የሚመጣው። የተላላካችሁትን ሁሉ አስቀምጡ። ቁጣ አይኑርበት፤ ቀኖቹ ብቻ በቅደም ተከተል ይኑሩ፦ መቼ ጠየቅኩ፣ ምን ተባልኩ፣ ምን አማራጭ አቀረብኩ።

በኤፍ ዋን (በተማሪ) ቪዛ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በብስጭት ኮርሱን ድሮፕ አታድርጉ። ከሙሉ ሰዓት በታች ከወረዳችሁ ቪዛችሁ አደጋ ላይ ይወድቃል። ምንም ከማድረጋችሁ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮን አነጋግሩ።

ለምታስተምሩ ወገኖች

ከእኛ መሀል ኮሌጅ የምታስተምሩ እየበዛችሁ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ስለዚህ ጉዳይ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ። ሲላበስ ላይ መኖሩ አይበቃም፤ ማን ያነበዋል? እኔ «በዚህ ኳርተር የሚቀርበት በዓል ያለው እስከሚቀጥለው ሳምንት አርብ ይጻፍልኝ» እላለሁ። የማንንም ሃይማኖት በክፍል ፊት አልጠይቅም። ስሙን አይታችሁ «አንተ ሙስሊም ነህ አይደል?» ማለት ልጁን ያሸማቅቀዋል።

ካንቫስ በሚባለው የኮርስ ድረ ገጽ ላይ ሥራው ቀላል ነው። የኩዊዙን መዝጊያ ቀን ለአንድ ተማሪ ብቻ ለይታችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ ሌላው ክፍል አያየውም። የተሳትፎ ነጥብ ከሆነ ዜሮ አትተዉት፤ «ኤክስኪውዝድ» አድርጉት። ያኔ ነጥቡ ከድምሩ ይወጣል እንጂ ልጁን አይጎዳውም። ባዶ የተተወ ነጥብ ኳርተሩ መጨረሻ ላይ በራሱ ዜሮ የሚሆንበት ክፍል ስላለ ይህን በዓሉ ባለፈ ማግስት ጨርሱት።

ለሐበሻ ልጅ ከሌላው የተለየ አታድርጉ። ለእኛ በዓል የሰጣችሁትን ለዮም ኪፑርም፣ ለዲዋሊም ስጡ። ፖሊሲው ለሁሉም እኩል ሲሠራ ነው ልጆቻችንም ሳይሳቀቁ የሚጠይቁት።

ለወላጆች

ለልጃችሁ ፕሮፌሰር አትደውሉ። ፌርፓ የሚባል ከ1974 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ። ኮሌጅ የገባ ተማሪ መረጃ የራሱ ነው። እሱ ካልፈቀደ እኔ ለእናቱም ስለ ውጤቱ መናገር አልችልም። ይህ በረኒንግ ስታርት ገብተው ገና ሃይስኩል እያሉ ኮሌጅ ለሚማሩ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችም ይሠራል። ሃይስኩል ላይ ወላጅ ማስታወሻ ጽፎ ይልክ ነበር። ኮሌጅ ላይ የልጁ ኢሜይል ነው የሚሠራው።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት ኳርተሩ ሲጀምር የአጥቢያችሁን ወይም የመስጊዳችሁን ካላንደር ፍሪጅ ላይ መለጠፍ ነው። ልጃችሁ ሲላበሱን ይዞ ሲመጣ አብራችሁ ተቀመጡና ቀኖቹን አስተያዩ። ኢሜይሉን ግን ራሱ ይጻፈው፤ ላክ የሚለውንም ራሱ ይጫነው።